በረንዳ ላይ የበቀለ ጥጥ

ልጅ ሳለሁ ፍም የሚባለውን የማውቀው የአባባ ጀምበሬ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲቀላ ብቻ ነበር። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ በስደት አገራችን ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካለው ሕንፃችን አሥረኛ ፎቅ፣ ጎረቤታችን ከነበሩት ከእሳቸው ዘንድ እቆያለሁ፤ ያኔ ማሞቂያው ፊት ያስቀምጡኝና ሱዳን ስላደጉበት ዘመን፣ ወላጆቻቸው ከመተማ ተሻግረው ለእንግሊዝ መንግሥት ጥጥ ስላመረቱበት እርሻ ይተርኩልኛል።

እዚያ የሚዘራው መንግሥት የሰጠው ዘር ብቻ ነው፤ ጥጡ ከተለቀመ በኋላ ተክሉ ተነቅሎ ይቃጠላል፤ የራስን ዘር ማስቀረት ክልክል ነው። «መንግሥት መጣ!» ሲባል መንደሩ በሙሉ ይደነግጣል። አማርኛዬ ስስ ስለነበር መንግሥት ማለት ከጅብ ተለቅ ያለ አውሬ ይመስለኝ ነበር።

እናታቸው ግን ከአገር ያመጡትን ዘር በርበሬ መሀል ደብቀው ያበቅሉ ነበር፤ ለልጆቻቸው ልብስ ክር የሚፈትሉት ከእሱ ነው። አንድ ቀን አዲስ ተቆጣጣሪ መጣና «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«አበባ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰውየው ጥጥን በጆንያ እንጂ ሲያብብ አይቶ አያውቅም። «ያምራል» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ዘር ሲወርድ ሲዋረድ የተረፉትን የመጨረሻዎቹን ሦስት ፍሬዎች አባባ በረንዳቸው ላይ ዘርተው አንዱ ብቻ በቀለ። በነሐሴ ቢጫ አበባ ባወጣ ሰሞን የሕንፃው አስተዳደር ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በረንዳ ላይ ከአበባ በቀር ምንም መትከል አይፈቀድም። ብዙም ሳይቆይ በር ተንኳኳ።

«መንግሥት ነው?» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«ታናሽ ወንድሙ ነው» አሉኝ። ተነሥተውም በሩን ከፈቱ።

የሕንፃው ሠራተኛ ተክሉን አይቶ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ሳልተረጉም መለስኩለት። ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ወጣ።

«ምን አልሽው ልጄ?»

«አበባ ነው፣ ጌታዬ አልኩት።»

ወንበር እስኪፈልጉ ድረስ ሳቁ። «ቁርጥ እናቴን!»

ተክሉን ከውርጩ በፊት አስገብተውት አንዲት የጥጥ ፍሬ አፈራ፤ ዘሩን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደንብ አንብቤያለሁ፤ ደንብ አስከባሪ የሚከለክለውን ነገር አብቦ አይቶት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ የተማርኩት ከአባባ ነው። እናታቸውን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ከማደንቃቸው ሰዎች ግን የሚቀድማቸው የለም።

ዛሬ እዚያው አካባቢ፣ ኖርዝ ዮርክ ባለው ቤቴ መስኮት ሥር ያ ዘር የበቀለበት አንድ ማሰሮ አለ። ባለፈው ለልጄ የአባባን ታሪክ ተርኬ ጥጥ መሆኑን ነገርኳትና፣ «ሰው ከጠየቀሽ ግን...» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አይ ኖው፣ ማሚ። አበባ ነው፣ ጌታዬ።»