ወደ ገጽ ሁለት የዞረው ረቂቅ

ሸዋገነት ወሬ ትወዳለች፤ የምትወደው ግን ሐሜት ሳይሆን የተጻፈ ወሬ ነው። ኮልፌ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትቸረችር ሃያ ዓመት ኖራ፣ አርባ ሊሞላት ሲል የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ የገዛ ቤቷ ግድግዳ አላስቀምጥ አላት።

እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እሷም መስቀል በመጣ ቁጥር የጭቃውን ግድግዳ ጋዜጣ ታለብሰዋለች። አሮጌውን ጋዜጣ ከባለሱቁ ከአብደላ ትወስዳለች፣ ዱቄት በውሃ አፍልታ ማጣበቂያ ትሠራለች፣ በአምናው ላይ የዘንድሮውን ትደርባለች። ድሮ ለውበት ነበር። አሁን ግን ሽንኩርት እየላጠች የሹመቱን፣ የመርዶውን፣ የጠፋ በቅሎ ማስታወቂያ ሳይቀር ትለቅመዋለች። ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው «መሬት ለአራሹ» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ግድግዳዋ ላይ ግን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ያን የሚያህል ጩኸት ጋዜጣው እንዴት ሳይሰማው ቀረ? ነገሩ ከነከናት።

ጉዳዩ ለእሷ የሩቅ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ዱባለ ወሊሶ አጠገብ ጭሰኛ ነው፤ አባታቸው ያረሱትን መሬት ምርቱን ለባለመሬቱ እያካፈለ ያርሳል። በ1964 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሳይታሰብ ኮልፌ ከች አለ። ባለመሬቱ ትራክተር ገዝቶ «ክረምት ሳይገባ ልቀቅ» ብሎታል።

«እታለም፣ ጭሰኛን ዝም ብሎ መንቀል በሕግ ሊከለከል ነው የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነ አልለቅም። ካልሆነ በሬዎቹን ሥጋቸው ሳይጎድል ልሽጣቸው።»

ሸዋገነት ፊቷ በራ። «እዚሁ አለልህ» ብላ ከመደቡ በላይ ያለውን ገጽ አሳየችው። «የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ቀረበ» ይላል። ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። ጭሰኛ ያለ በቂ ምክንያት ከመሬቱ እንዳይነሣ የሚለው ላይ ስትደርስ ዱባለ ከመደቡ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ «ወደ ገጽ 2 ዞሯል» ይላል። ገጽ 2 ደግሞ ጀርባው ላይ ስለሆነ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ያጣበቀችው ራሷ ናት።

በሞቀ ውሃ የራሰ ጨርቅ እያስነካች ቀስ ብላ ላጠችው። ጀርባው ሊጥ ቢይዘውም ይነበባል፦ ረቂቁ ለተጨማሪ ጥናት ለኮሚቴ ተመርቷል። ሌላ ምንም የለውም።

«ጥናቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» አላት ዱባለ።

ዓይኗ ከሥር ብቅ ባለው ጋዜጣ ላይ አረፈ። ያው ርዕስ ነው፤ ረቂቁ ለፓርላማ ቀረበ ይላል፤ ዓመቱ 1961 ነው። ያንንም ላጠችው። ጀርባው ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ማን ያስቁማት። ወሬ አንዴ ካማራት ምግብም አያምራትም፤ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ግድግዳውን በሙሉ ገሽልጣ ጨረሰች። በሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ሥር፣ ገና ፊደል ሳትለይ ዘቅዝቃ የለጠፈችው ገጽ ተገኘ። አንገቷን አጣማ አነበበችው። ዓመቱ 1956፣ ረቂቁ ያው ረቂቅ።

«እሱስ ምን ይላል?» አለ ዱባለ፤ እሱ ማንበብ አይችልም።

ልትዋሸው አሰበች። «ሊጸድቅ ነው» ብትለው ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ተመልሶ ግን ባዶ እጁን ትራክተር ፊት ይቆማል።

«የዛሬ ስምንት ዓመትም ይኸንኑ ነው የሚለው» አለችው። ፊደል በመቁጠሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደች።

ዱባለ የተገሸለጠውን ወረቀት ከወለሉ ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ ጥግ ላይ ከመረላት። ሲጨርስ እጁን በጋቢው ጠራረገ።

«እዚህ ሰፈር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከማረስ ሌላ የማያውቅ ሰው ምን ሥራ ያገኛል?»