ገመዱ የት ይታሰራል?

ጋሽ ጎንበስ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ሲኖር፣ ጭቃ የያዘው መኪና ባየ ቁጥር አፉን ከመክፈቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሆድ ያያል። ሰው ቢጮህ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ እሱ እቴ! ከሥሩ ባለው የብረት አጽም፣ ሻንሲው ላይ፣ በወፍራም ብሎን የታሰረውን መንጠቆ ካላገኘ ገመድ አያስነካም። ጡረታ ወጥቶም አመሉ አልለቀቀውም።

"መኪና ስር ያላየሁትን ሰው አላምንም" ይል ነበር። ስለዚህ ብቸኛ ልጁ አንድ መምህር አምጥታ "ሊያገባኝ ይፈልጋል" ስትለው፣ "እስቲ እናያለን" እያለ ሦስት እሁድ ሙሉ መምህሩን ቁም ስቅሉን አሳየው።

በአራተኛው እሁድ ሦስቱም ወንዝ ዳር ሊናፈሱ ወጡ። የመምህሩ ፎር ባይ ፎር ከፊት እየሄደ ማጥ ውስጥ ተቀረቀረ። ከኋላ የነበረው የጋሽ ጎንበስ አሮጌ ፒክአፕ ደረቁ መሬት ላይ ቆመ፤ ልጅቷ የፒክአፑን መሪ ያዘች። ያኔ ነው ሽማግሌውን ሰይጣን ሹክ ያለው።

"የኔ ልጅ፣ ገመዱን እዚህች ላይ እሰረው" ብሎ ከተቀረቀረው መኪና ኋላ ያለችውን የተጎታች መሳቢያ የብረት ኳስ ለመምህሩ አሳየው። ኳሷ ተጎታች ለመሳብ እንጂ የተቀረቀረ መኪና ለመንቀል እንደማትሆን፣ ከተሰበረችም እንደ ወንጭፍ ድንጋይ እንደምትወረወር ከማንም በላይ ያውቃል። መምህሩ ከታለለ ገመዱን ራሱ ሊፈታ፣ የሠርጉንም ነገር በዚያው ሊዘጋ ነው ያሰበው።

መምህሩ ገመዱን ይዞ ወደ ኳሷ ጎንበስ ሲል ጋሽ ጎንበስ ደነገጠ። ለካስ ሳያውቀው ወዶታል።

"ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አላስርም" አለ መምህሩ ቀና ብሎ።

"እኔ እያልኩህ?"

"እርስዎም ቢሉኝ። ብትሰበር ሰው ትገድላለች።"

"እሺ፣ ፓራውልቱስ?"

"እሱማ የግጭት መከላከያ ነው፤ ተገንጥሎ እጃችን ላይ ይቀራል።"

ለነጭ ሸሚዙ ሳይሳሳ ጭቃው ላይ ተጋደመና ሻንሲው ላይ ያሉትን ሁለት መንጠቆዎች አገኘ። ገመዱን በሁለቱም አሰረ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ "ጋሼ፣ ከገመዱ ይራቁ! ከዚያ ዛፍ ወዲያ!" አለ።

ጋሽ ጎንበስን "ከመኪና ራቅ" ያለው ሰው እስከዚያች ቀን አልተፈጠረም ነበር። እንደ ተቀጣ ተማሪ ሄደ፤ ደስታውን ግን መደበቅ አቃተው።

መኪናው እንደወጣ ወደ ፒክአፑ መስኮት ሮጠ። "በይ ፈቅጃለሁ፣ አግቢው!"

ልጅቷ ሳቀች። "አመሰግናለሁ አባዬ። እኔ ግን ገና አሁን መወሰኔ ነው።"

"ምን?"

"አንተን እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ አላውቅም ነበራ። እኔ ዕድሜ ልኬን አልቻልኩም!"