ንግሥናውን የት ያስቀምጡታል?

የዩኒቨርሲቲያችን አዳራሽ የወለል ሰም ሽታ ካዛንቺስ ወደሚገኘው የልጅነት ትምህርት ቤቴ መለሰኝ። ያኔ፣ ወደ አማርኛ በተመለሱ የጥንት የእንግሊዝ ተውኔቶች ንጉሥ ሆነው የሚጫወቱ አንጋፋ ተዋናይ ሊያወያዩን መጥተው ነበር። የማቀርበውን ጥያቄ ለጓደኛዬ ለማርታ ሹክ አልኳት።

«ኧረ ይስቁብሻል፣ ተይው» አለችኝና እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ቤትዎ ሲገቡ ንግሥናውን የት ያስቀምጡታል?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን ከመድረክ ወርደው ትከሻዋን ያዙ።

«ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ራስሽ ነሽ ያሰብሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ከዚያ ረዘም ያለ መልስ ሰጡ። እኔ የማየው ትከሻዋ ላይ ያረፈውን እጃቸውን ብቻ ስለነበር መልሱን አልሰማሁትም። ዛሬ ማርታን ብጠይቃት ደግሞ የራሷ ጥያቄ እንደነበር አስረግጣ ስለምትነግረኝ፣ እኔም ማመኔ አይቀርም።