ሆራ የጠጣው ባትሪ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው ጋሼ ተሰማ ናቸው፤ የጎሬ ነጋዴና የመኪናው ባለቤት። ሁለተኛው ሙሴ ሃጎፕ ነው፤ ከመኪናው ጋር በጋምቤላ በኩል የመጣ አርመናዊ መካኒክ። ሦስተኛው ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ የመቱ ሰው፣ ከብት አርቢ፣ በኋላ የጭነት ረዳታችን። አራተኛው እኔ ወልዴ ነኝ፤ አስቀድሞ የጋሼ ተሰማ አጋሰስ ነጂ፣ ከዚያ ሾፌር። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሞተርን ግን ያየሁት በገዛ ዓይኔ፣ የተማርኩት በተቃጠለ ጣቴ ነው። ይህን የምጽፈው መሪ ለጨበጣችሁ ልጆቼና ባልደረቦቼ ነው።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ጋሼ ተሰማ በቅሎዎቻቸውን ሸጠው የጭነት መኪና ገዙ። በመጀመሪያው የሾፌርነት ቀኔ ጠዋት በቅሎዎቹን ለገዢ አስረከብኩ፤ ከሰዓት በኋላ ሙሴ ሃጎፕ ፊት ቆምኩ። እጄን ገልብጦ አየና ታጠብ አለኝ። ታጥቤ ስመለስ አንዷን ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለዋን፣ ፈትቶ ከነሽቦዋ ሞተሩ ላይ አጋደማት። ማኖቬላውን፣ ሞተር የሚነሣበትን የብረት እጀታ፣ እንዳዞር አዘዘኝ።

አዞርኩት። ከካንዴላዋ ጫፍ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደ እሳት አይደለም፤ እሳት ይቆያል። እጄ ማኖቬላው ላይ እንዳለ ቀረ።

«አየኸው?» አለኝ ሙሴ ሃጎፕ። «መብረቅ ነው። ትንሹ።»

እኛ አገር መብረቅ ብርቅ አይደለም። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ሊሆን ጥቂት ነው የሚጎድለው፤ በየክረምቱ ዛፍ ሲሰነጠቅ፣ ከብት ሲመታ አይቻለሁ። ያ ነገር በብረት ሣጥን ውስጥ ታስሮ ቡና ሊሸከም መምጣቱን ሳስብ አማተብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ሞተር ከፍቻለሁ። ያቺን ብልጭታ ዛሬም ሳያት በልቤ አማትባለሁ። ሾፌር ሆኖ የማይገርመው ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን አትስጡት።

ሙሴ ሃጎፕ ደረጃችንን ለየ። ባለቤት ይከፍላል እንጂ አይነካም። መካኒክ ይፈታል። ሾፌር ይነዳል፣ ያጸዳል፣ ያዳምጣል። ረዳት ይጭናል፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ኦቦ ጉደታ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጡ ነበርና ድንጋዩን ሲያነሡ ልቀበላቸው እሮጥ ነበር፤ ሙሴ ሃጎፕም ይቆጣኝ ነበር።

ባትሪው ከሾፌሩ ወንበር ሥር የተቀመጠ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ሦስት ክዳን አለው። መብራቱም፣ ዛሬ ቦቢና የምንላት ብልጭታውን የምታጎለብተው ዕቃም፣ ከእሱ ነው የሚበሉት። ዲናሞው ደግሞ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን መልሶ ይመግባል። በውስጡ ያለው ውሃ ሲጎድል የሚጨመርለት የዝናብ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰማይ ሲወርድ በጠርሙስ የተጠራቀመ። ሙሴ ሃጎፕ ከጣሪያ የወረደውን እንኳ አይቀበልም ነበር። መሬት የነካ ውሃ እዚህ ውስጥ አይገባም ብሎ ነገረኝ። ዝናብ ሲጥል ጠርሙስና የመስታወት ማንቆርቆሪያ ይዤ ግቢ መሃል ስቆም የጎሬ ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን እንደ ጸበል ነበር የምጠብቀው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የባሮ መርከብ ጋምቤላ የምትመጣው ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ነው። መስቀል አልፎ ውሃው መጉደል ሲጀምር የመጨረሻዋ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ያልተጫነ ቡና እስከ መጪው ክረምት ይቀመጣል፤ በእኛ አገር እርጥበት የተቀመጠ ቡና ደግሞ ይሻግታል። በዚያ ዓመት ጋሼ ተሰማ የሁሩሙና የመቱ ገበሬዎችን ቡና በአደራ ሰብስበው ነበር። መርከቧ ካመለጠች የሰው ዓመት ሙሉ ልፋት በእሳቸው እጅ ሊበሰብስ ነው። በቅሎ እንዳይከራዩ፣ የአገሩን በቅሎ ሁሉ ሌሎች ነጋዴዎች ለዚያችው መርከብ ይዘውታል።

መኪናው መቱ ቆሞ ሲጫን ባትሪው መድከም ጀመረ። ሙሴ ሃጎፕ ጎሬ ላይ ንዳድ ይዞት ተኝቷል። እኔ የቀረውን ቡና ላስመዝን ሁሩሙ ሄድኩ። ስመለስ መኪናው አፍንጫ ላይ እርጥብ ሣር ታስሮ አገኘሁ። ኦቦ ጉደታ መርቀውት ነው አሉኝ ጋሼ ተሰማ። ለምርቃት ክፉ አይባልም ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ጭጋግ ነበርና፣ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው፣ መብራት አብርተን ተነሣን። የሶርን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ፍም ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። ወዲያው ሞተሩ ተቆረጠ። ሳይንገዳገድ፣ ሳያስል፣ አንድ እጅ ጉሮሮውን እንደያዘው ሁሉ ዝም አለ። ኦቦ ጉደታ ዘለው ድንጋይ አደረጉበት። የጭጋጉ ጸጥታ ብቻ ቀረ።

ቤንዚኑን አየሁ፤ አለ። ካንዴላ ፈትቼ ማኖቬላውን አዞርኩ፤ ብልጭታ የለም። ወንበሩን አንሥቼ የባትሪውን ክዳን ስከፍት ውሃው ደፍርሶ የሸክላ መልክ ይዟል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነካው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ሳይደብቁ። «ከስቶ አየሁት። ሆራ አጠጣሁት።»

የእኛን አገር ለማያውቅ ልንገር። ሆራ ከመሬት የሚፈልቅ ጨዋማ ውሃ ነው። ከብት ሲከሳ ወደ ሆራ ይነዳል፤ ጠጥቶ ሲመለስ ጠጉሩ ያበራል፣ ጉልበቱ ይመለሳል። ጋሼ ተሰማ ንግድ የጀመሩት በከብት ነው። ውሃውን በቅል ቀድተው ያመጡላቸው ኦቦ ጉደታ ናቸው።

«የዝናቡ ውሃ ጠርሙስ ሙሉ አለ እኮ፣ ጋሼ።»

«ዝናብ ምን ጉልበት አለው፣ ወልዴ? ባዶ ውሃ ነው። አንተ ለከሳ በሬ ዝናብ ትሰጣለህ?»

 እውነቱን ለመናገር፣ ሙሴ ሃጎፕ ባያስጠነቅቀኝ ኖሮ ቅሉን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ኦቦ ጉደታ ባትሪውን ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ማል ታኤ?» አሉ፤ ምን ነካው ማለታቸው ነው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው በአቅራቢያው ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ በሬ ሊያመጡ ሄዱ።

መኪናውን እስከ ጎሬ የጎተቱት በሬዎች ናቸው። ጭቃው ላይ አንዱ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ፤ ዘመዶቻቸው ዘንድ ያቆዩት የኦቦ ጉደታ የራሳቸው በሬ ነበር። ቢላዋ አስመጥተው ባርከው አረዱትና ወደ ቀንበሩ ተመለሱ።  ጎሬ ስንገባ ሰው ሁሉ ወጣ። አንዲት የጨው ነጋዴ፣ «ጋሼ ተሰማ፣ በቅሎ ሸጠው በሬ ገዙ እንዴ?» አለች። ጋሼ ቆባቸውን አንሥተው፣ «ገዛሁ እትዬ፤ ቤንዚን የሚጠጣ በሬ» አሏት። ሰው ሳቀ፤ የእሳቸው ፊት ግን አልተፈታም።

ሙሴ ሃጎፕን እንደተኛ ነገሩን ነገርነው። መጀመሪያ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ጋሼ ተሰማ እንዳልሳቁ ሲያይ አቆመ። ሆራው ውስጥ ጨውና ብረት አለ፤ ባትሪውን ከውስጡ እየበላው ነው፤ ከዚህ ወዲያ አይድንም ብሎ አስረዳን። ሌላ ባትሪ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወንዙ ደርቆ ዳግመኛ ይሞላል።  

«ባትሪውን ፍታና አውጣው» አለኝ። «ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት። ማርሽ አስገብተህ ቁልቁል ልቀቀው። ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ራሱ ይወልዳል፤ ቦቢናው ከእሱ ይብላ። መብራቱን አብራው፣ ትርፉን ይጠጣለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እስከ ጋምቤላ አታቁም። ሞተሩ ከቀነሰ ይሞታል። በጣም ከፈጠነም ያቃጥላል። ቁልቁለት ላይ ከሞተ ትቀሰቅሰዋለህ፤ ሜዳ ላይ ወይም ዳገት ላይ ከሞተ ቀብረኸው ተመለስ።»

ከባዶ ብረት መብረቅ ይወለዳል ማለቱ ነው። አላመንኩትም። ግን ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ጎሕ ሲቀድ ከጎሬ አናት ላይ ድንጋዩን አነሣን። ጋሼ ተሰማ ከጎኔ፣ ኦቦ ጉደታ ከጆንያው ላይ ናቸው። መኪናው በዝምታ ወረደ። ማርሹን አስገብቼ ፔዳሉን ስለቅ ሞተሩ ጎረበጠ፣ አንዴ ተኮሰ፣ ሌላ ጊዜ ተኮሰ፣ ከዚያ ያዘ። በዚያው ቅጽበት መብራቶቹ ቦግ አሉ። እንዲህ ያለ ብርሃን ከዚያ በፊት አላየሁም። ጭጋጉ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ከፊታችን ተነሣ፤ የዛፎቹ ቅርፊት ሳይቀር ይነበባል። ባትሪ የለም፤ ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ብርሃኑ ግን አለ። ጋሼ ተሰማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። 

ቡሬ ሳንደርስ አንዱ አምፑል ፈነዳ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው። ከዚያ በኋላ ትርፉን የሚጠጣለት የለምና በእግሬ ብቻ መዘንኩት። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እያስጮህኩ፣ ቁልቁል ላይ እየያዝኩ ሄድኩ። ቤንዚኑንም ውሃውንም ኦቦ ጉደታ በመኪናው ጎን ተንጠልጥለው፣ ሞተሩ እየዞረ ሞሉት። ጆሮዬን ከድምፁ ለአፍታ አላነሣሁም።

ከቡሬ ወዲያ ቁልቁለቱ አለቀና ጠባብ ሜዳማ ጥግ ላይ ደረስን። በግራ ገደል፣ በቀኝ ጫካ ነው። ከፊታችን አንድ ታላቅ ሹም ከነአጀባቸው በበቅሎ ይመጣሉ። አሽከሮች እየሮጡ ቁሙ ይላሉ።

በዚያ ዘመን ሹም መንገድ ላይ ያጋጠመው ሰው ከተቀመጠበት ይወርዳል፤ ነጠላውን አደግድጎ ጥግ ይይዛል። ሳይወርድ ያለፈ ሰው ንቋል፤ የናቀ ይታሰራል። ጋሼ ተሰማ በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይወርዱ አላለፉም። ብንቆም ግን ሞተሩ ሜዳ ላይ ይሞታል፤ መርከቧም ቡናውን ሳታይ ትሄዳለች።

እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ሞተሩ ማነከስ ጀመረ። ጋሼ ተሰማ ክንዴን ያዙኝ።

«ነድተህ እለፍ» አሉኝ። «እኔ ለሁላችንም እወርዳለሁ።»

መኪናው እየሄደ ዘለሉ። በቀኝ ትከሻቸው ጭቃው ላይ ሲወድቁ አየሁ። ተነሡ። አንድ እጃቸው አልታዘዛቸውም፤ በሌላው ነጠላቸውን አደገደጉና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። እኔ ቤንዚን ሰጠሁት። ኦቦ ጉደታ ከጆንያው ላይ ተነሥተው እጅ እየነሡ አለፉ። ከሹሙ አጀብ አንዲት የጭነት በቅሎ ደንብራ ገደል ገባች። ሹሙ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ወደ ኋላ ለማየትም አልደፈርኩም።

ጋምቤላ ሳይመሽ ገባን። የጉምሩኩ ግቢ ውስጥ እግሬን ሳነሣ ሞተሩ ሞተ። ቡናው በማግሥቱ ተጫነ፤ አንድ ጆንያ አልቀረም። መርከቧ ጮኻ ስትሄድ እኔና ኦቦ ጉደታ ዳር ቆመን አየናት። ደስታችን ሙሉ አልነበረም።

መኪናውን ጋምቤላ ትተን ስንመለስ ጋሼ ተሰማን ቡሬ ታስረው አገኘናቸው። በችሎት ፊት ስለ በቅሎዋ እንደሚከፍሉ፣ ስለ ንቀቱ ግን እንዳልናቁ ተናገሩ። ሾፌራቸው ስለምን እንዳልቆመ ሲጠየቁ፣ ሞተሩ ከቆመ መብረቁ እንደሚጠፋ ለማስረዳት ሞከሩ። ዳኛው ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። በመጨረሻ መቀጮውን አቅልለው፣ መኪናውን አንድ ቀን አምጥተው እንዲያሳዩዋቸው አዘዙ። ሰዎች እንደሚሉት ከሆነ ካዩት በኋላ ዳኛውም አማተቡ።

የሁሩሙ ሰዎች በመጪው ዓመትም ቡናቸውን ለጋሼ ተሰማ አመጡ። ኦቦ ጉደታ ስለ በሬያቸው ክፍያ አልቀበልም ብለው ነበር፤ ጋሼ ሌላ በሬ ገዝተው ግቢያቸው አሰሩላቸው።

ትምህርቱ አጭር ነው። መሬት የነካ ውሃ ባትሪ ውስጥ አይጨመርም። የመኪናን ድካም በበሬ ድካም መገመት አይገባም፤ የሚወዱትን ነገር ምን እንደሚበላ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ባትሪው፣ አምፑሎቹ፣ በሬው፣ የሹሙ በቅሎና መቀጮው ተደምሮ ሁለት መቶ ሠላሳ ጠገራ ብር ወጣ፤ የጋሼ ተሰማም ቀኝ ክንድ እስኪሞቱ ድረስ ከትከሻቸው በላይ አልተነሣም።