ለቬነስ የተነፋው ጡሩምባ

ዋቅጅራ ጡሩምባውን ሦስተኛ ጊዜ ሲነፋ ወይዘሮ ጦቢያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበራቸው ወጥተው ነበር።

«የሞተ የለም!» አለ ዋቅጅራ። «ዕድርተኞች፣ ዛሬ የሞተ ሰው የለም! ቬነስ የምትባለው ኮከብ በፀሐይ ፊት እያለፈች ነው! በባዶ ዓይን እንዳታዩ! በያጁ ፊሮምሳ በር ላይ ጥቁር መስታወት አለ!»

ወይዘሮ ጦቢያ የሰሙት ጡሩምባውን ብቻ ነው። ከካዛንቺስ መናኸሪያ ጀርባ በነበረው በዚያ መንደር፣ ከጡሩምባ በኋላ የሚባለውን ቆሞ የሚያዳምጥ እምብዛም አልነበረም። ጡሩምባ ሞት ነው። ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይጠየቃል። በዚያ ሰሞን መጠየቅም አላስፈለገም፤ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ አምኃ ለሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ወደ አቶ አምኃ ቤት አቀና።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ጠዋት። ሰማዩ ለሰኔ ከሚጠበቀው በላይ ጠርቶ ነበር።

ዋቅጅራ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ከሆለታ ወዲያ ካለ ገጠር በወጣትነቱ መጥቶ ሲሚንቶ ተሸክሟል፣ ዘበኛ ሆኗል፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ቆዳ ጭኗል። የቀድሞው ጡሩምባ ነፊ ሲያርፉ ሥራውን እሱ ያዘ። ሥራው ከነቤቱ ነበር። ቤቱ ደግሞ የዕድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች የሚቀመጡበት። የዋቅጅራ አልጋ ከድስቶቹ ጀርባ ነበር። ራዲዮኑን የተደፋ ድስት ላይ ስለሚያስቀምጠው ዜና አንባቢዎች ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ያንን ድምፅ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ሲቀጠር መተዳደሪያ ደንቡ ተነቦለታል። ጡሩምባ የሚነፋው ለሞትና ለስብሰባ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ የነፋ ከሥራው ይሰናበታል። ከሥራው የተሰናበተ ቤቱን ይለቃል። ዋቅጅራ ሌላ ቤት አልነበረውም።

ራዲዮው ላይ ፖለቲካ ሲመጣ ድምፁን ይቀንሳል። የጠፈር ወሬ ሲመጣ ከፍ ያደርጋል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «የሰማይ ሰዎች አይዋሹም» ይላል እንጂ ሌላ ምክንያት አይሰጥም። ጠዋት ጠዋት በያጁ ፊሮምሳ በር ላይ ቆሞ የሰማውን ያወራል። ብዙውን አሳስቶ ነው የሚያወራው። ማርስን ከጨረቃ ቀጥላ ያለች ሰፈር አድርጎ ነበር የሚያስባት።

«ዋቅጅራ፣ ማርስ ላይ ምን አደረ?» ይለዋል ፊሮምሳ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ያቺ አሜሪካኖች የላኳት ጋሪ ድንጋይ ፈለፈለች።»

«እውነት? ለምን እዚህ አይልኳትም? የውሃ መስመራችንን ትቆፍርልን ነበር።»

«ሳቅ አንተ። ሰው ያለው እዚህ ብቻ መሰለህ።»

«እዚያ ሰው ካለ ዕድር አላቸው በለኛ። አንተን ይቀጥሩሃል።»

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ያልነበረው የ1989ኙ ነገር ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የአንዲት እናት ሞት ሊለፍፍ ወጥቶ ከጣሪያዎቹ በላይ ጅራታሙን ኮከብ አየ። ጅራቱ እንደተነሰነሰ ዱቄት ነጭ ነበር። ዋቅጅራ ጡሩምባውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ በየበሩ የሟቿን ስምና የቀብሩን ሰዓት ተናገረ፤ የኮከቡን አልተናገረም። የቀብር ጥሪ ላይ ሌላ ወሬ አይጨመርም። ቀን ላይ ሲያወራ የሚያምነው ጠፋ። በማግስቱ ደመናው ወረደ፤ የበልጉ ዝናብ ገባ። ሲያባራ ኮከቡ ከዚያ ቦታ አልነበረም። በኋላ ራዲዮው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ካልሆነው ተመልሶ እንደማይመጣ ተናገረ።

«ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼያቸው ነበርኮ» ይላል ሲያነሳው። «በር ላይ ቆመው ነበር። ቀና በሉ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።»

የቬነስን መምጣት ከሳምንት በፊት ሰማ። ቬነስ በምድርና በፀሐይ መካከል ታልፋለች፤ በፀሐይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች፤ በሕይወት ካለ ሰው ይህን ያየ አንድም የለም ተባለ። ይህን ያልነገረው ጎረቤት አልነበረም። ፊሮምሳ ካሉት የብየዳ መስታወቶች ሁሉ ጥቁሩን መርጦ አዘጋጀለት። ሰዉ «እሺ እንመጣለን» አለ። በቀኑ ማንም አልመጣም። ሠራተኛው ሥራው ሄዷል፤ እቤት ያለው ልብስ ያሰጣል፣ ሽንኩርት ይከትፋል።

ፀሐይ በመገናኛ በኩል ከፍ ብላለች። ፊሮምሳ መስታወቱን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንጋጠጠ። ከዚያ «ገብታለች» አለ። «ወላሂ ገብታለች።»

ዋቅጅራ አየ። የምስር ፍሬ የምታክል፣ ድቡልቡል፣ ጥቁር። መስታወቱን መለሰና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ጡሩምባውን ይዟል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» አለ ፊሮምሳ። «ቤትህን ልታጣ ነው!»

ዋቅጅራ ነፋ።

የአቶ አምኃ ባለቤት ወይዘሮ ጀማነሽ በዚያ ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚወስዱትን ሾርባ ፔርሙዝ ውስጥ እየገለበጡ ነበር። ጡሩምባውን ሰምተው «ነፍስ ይማር፣ ማን ይሆን» አሉ። ከዚያ በራቸው ተከፈተ። ወይዘሮ ጦቢያ፣ ከኋላቸው አምስት ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዚህ አገር የቤቱ ሰው ሞትን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ይሰበሰባል፣ ከዚያ መርዶ ይነገራል። ወይዘሮ ጀማነሽ ጎረቤቶቻቸውን አዩና ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ፔርሙዙ ከእጃቸው ወደቀ። ባዶ እግራቸውን ወደ ደጅ ወጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«የሰፈሩ ዋርካ!» አሉ ወይዘሮ ጦቢያ ደረታቸውን እየመቱ። «ዋርካው ተገነደሰ!»

ዋቅጅራ ሰዉን ገፍቶ ሲገባ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። ተንበረከከ።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ጋሽ አምኃ አልሞቱም! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አልሞቱም!»

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

«ታዲያ ማን ሞተ?» አሉ ወይዘሮ ጦቢያ።

«ማንም። ቬነስ ናት።»

«ቬነስ? የማን ልጅ ናት?»

«ኮከብ ናት እማማ ጦቢያ። በፀሐይ ፊት እያለፈች ነው።»

ወይዘሮ ጦቢያ ነጠላቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። ሌላ ሰው ከሱቅ ስልክ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። አቶ አምኃ ቁርሳቸውን በልተው ጋዜጣ እንዲገዛላቸው እየጠየቁ ነው ተባለ። ወይዘሮ ጀማነሽ ይህን ሲሰሙ ተነሡና ዋቅጅራን በጥፊ መቱት። እሱ አልሸሸም። ትንሽ ቆይተው፣ ተከትሎ የገባው ፊሮምሳ የያዘውን መስታወት አዩ።

«እስቲ ወዲህ በለው» አሉ።

ብዙ አዩ።

«ባሌን ገድለህ ያሳየኸኝ ይቺን ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ይቺ ደግሞ ምኗ ይታያል» አሉ፤ ግን መስታወቱን ቶሎ አልመለሱም።

ከዚያ ወረፋ ሆነ። ወደ ሰማይ ያንጋጠጡት ሁሉ የለቅሶ ልብስ የለበሱ ነበሩ። አንዳንዶቹ ሁለቴ ተሰለፉ። ወይዘሮ ጦቢያ ሦስቴ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረጻድቃን የደረሱት ወረፋው ሊያልቅ ሲል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ሬሳው ከሆስፒታል መጣ?» አሉ።

«ሰማይ ላይ ነው ጋሼ» አለ አንድ ጎረምሳ። «ወረፋ ይያዙ።»

ነገሩ ሲነገራቸው መስታወቱን አልተቀበሉም። ወደ ዋቅጅራ ዞረው «እሁድ ስብሰባ ላይ» አሉና ሄዱ።

እሁድ ዕድሩ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ዋቅጅራ ራሱ ያወጣቸው አግዳሚዎች ላይ ሰዉ ተቀምጦ እሱ ቆመ። ዕቃውን አስቀድሞ በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልሎ በሩ ሥር አኑሮታል።

አቶ ገብረጻድቃን ደንቡን አነበቡ። ከዚያ የተናገሩት አጭር ነበር፤ ማንም ስሕተት ሊያገኝበት አልቻለም።

«ጡሩምባ ዛሬ ለኮከብ ከተነፋ፣ ነገ ሰው ሲሞት ‹ደግሞ ኮከብ ይሆናል› ብሎ ማን ይወጣል? እኔ ስሞት ሰው እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። እናንተም ትፈልጋላችሁ። ዋቅጅራ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ይሂድ።»

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ፊሮምሳ ሊናገር ተነሥቶ «ማለቴ…» ብሎ ተቀመጠ። ዋቅጅራ ተጠየቀ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «እትዬ ጀማነሽን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሌላ የለኝም።»

ተበዳይ ትናገር ተባለ። ወይዘሮ ጀማነሽ ግን አልተነሡም፤ የተነሡት አጠገባቸው ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት ሰው ናቸው። አቶ አምኃ ከሆስፒታል ከወጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ከሲታ ሆነዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው የሾፌር ድምፅ ነው።

«የሞትኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር» አሉ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ላጣራ። ጦቢያ፣ ዋርካ ብለሽኛል አሉ?»

«ብያለሁ። ምን ይጠበስ?»

«በደህናው ቀን ‹ቀርፋፋ› አይደለም እንዴ የምትይኝ?»

«ለሞተ ሰውማ ቀርፋፋ አይባልም።»

ሳቁ ሳያልቅ ወደ ዳኛው ዞሩ።

«ሁለተኛ። ቀብር የቀረ፣ ለቅሶ የዘገየ ይቀጣል ይላል ደንባችን። አይደለም እንዴ? ባለቤቴ እንደነገረችኝ ሰፈሩ በሙሉ ሲደርስ አንድ ሰው አልደረሰም። አቶ ገብረጻድቃን፣ የት ነበሩ?»

አቶ ገብረጻድቃን ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ስኳር አለብኝ። ቁርስ ሳልበላ አልወጣም።»

«እኔ ሞቼ ቁርስ?»

«አልሞቱም ነበር እኮ!»

«ያን ጊዜ እርስዎ በምን አወቁ?»

አግዳሚዎቹ እስኪነቃነቁ ተሳቀ። አቶ ገብረጻድቃን ፈገግ አላሉም። አቶ አምኃ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴን አስደንግጧታል። ለዚያ ተቆጥቼዋለሁ፤ ገና እቆጣዋለሁ። ግን ሰው ሞቶ ማን እንዳለቀሰለት አያውቅም። እኔ አወቅሁ። ይሄን ልጅ ከቤቱ አስወጥቼ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። በቃ።»

እጅ ወጣ። ዋቅጅራ በሥራውና በቤቱ እንዲቆይ፣ ጡሩምባው ግን ከእንግዲህ በአቶ ገብረጻድቃን ቤት ተቆልፎ እንዲቀመጥና በእሳቸው ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ። ዋቅጅራ ማዳበሪያውን መልሶ አስገባ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በወሩ ስብሰባ መጨረሻ፣ ሰዉ ነጠላውን እያራገፈ ሲነሣ፣ አንዱ «የሰማዩስ?» ይላል። ዋቅጅራ ቆሞ ያወራል። በ1998 ነሐሴ ላይ ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ መውጣቷን ያወራው እንዲህ ነው፦

«ሊቃውንቱ ተሰብስበው እጅ አወጡ። ፕሉቶ ከዕድሩ ተሰረዘች።»

«መዋጮ አልከፍልም ብላ ነው?» አለ ፊሮምሳ።

«የለም። ትንሽ ናት ብለው ነው።»

«ለዚህማ አይሰረዝም» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ ተቆጥተው። «ማን ነበር ዳኛው?»

ሁሉም ወደ አቶ ገብረጻድቃን አዩ። እሳቸውም በዚያን ቀን ሳቁ።

ያ መንደር የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ነበር። አንዱ ቤት ራዲዮ ሲከፈት ሦስቱ ይሰማሉ። በክረምት መተላለፊያው ጭቃ ሲሆን ድንጋይ በድንጋይ እየዘለሉ ይታለፋል፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ የሰፈሩ ሰው በጨለማም ያውቀዋል። በፀሐይ መውጫ በኩል ሕንፃዎቹ እየረዘሙ ሲመጡ ጠዋት ፀሐይ ወደ ግቢዎቹ የምትገባው ዘግይታ ሆነ። ዋቅጅራ ይህን ከሌላው ቀድሞ አስተዋለ፤ አልወደደውም። ቀጥሎ ቁጥር የሚጽፉ ሰዎች ቀለም ይዘው መጡ። ሊፈርስ ነው ተብሎ በየበሩ ኤክስ ተደረገ። ገሚሱ ሰው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ ገሚሱ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። አቶ አምኃ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው ደረጃውን ሲያዩ «አሁን ገና ሞትኩ» አሉ ይባላል።

የዕድሩ ዕቃ ቤት በ2002 ዓ.ም. ፈረሰ። ዋቅጅራ በስሙ የቤት ውል ስላልነበረው ምትክ አላገኘም፤ ራዲዮኑን ይዞ ሰበታ እህቱ ጃለኔ ዘንድ ሄደ፤ ጡሩምባው በአቶ ገብረጻድቃን እጅ ቀረ።