በእማሆይ ስም የደበቅሁት ማሳ

ብዙ ካለው ተቀንሶ መሬት ሊሸጋሸግ ነው የሚል ወሬ ሰምቼ፣ ለኪዎቹ ሲመጡ የጤፍ ማሳዬን «የጎረቤቴ የእማሆይ ውድነሽ ነው» አልኳቸው። በአገሩ ከእኔ የበለጠ ብልጥ ነበር? ሽግሽጉ ቀረ፤ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ግን በእማሆይ ስም ወጣ።

አስራ ሁለት ዓመት ያረስኩትን ማሳ ላስመልስ ባለፈው ሰኞ የመሬት ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። እማሆይ «የኔ ነው» ካሉ አለቀልኝ።

«እኔ ረግጬውም አላውቅ» አሉ። «ሲያርስ ሲያጭድ የማየው እሱን ነው። ግን ያኔ የዋሸውን በአፉ ይናገር!»

ተናገርኩ። ጎረቤቶቼ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ መሰከሩልኝ። ደብተሩ በስሜ እንዲዞር ተፈርሞ ደብረ ታቦር ተላከ። እኔም ከደስታዬ ብዛት ማሳዬን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

እማሆይን ላመሰግን ብሄድ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ብልጠትህን ግን በራስህ ስም አስመዝግብ፤ እሱን ማንም አይረከብህም።»