የአቴንስ ባልቴቶችና የእኛ እድር

የእድራችን ሊቀመንበር አዳራሹ ውስጥ ከፊት ማይክ ይዞ ቆሟል፤ ድምፁ ያለ ማይክም ውጭ ጎዳናው፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ድረስ ይሰማል። ከጎኑ የልጄ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ቆማለች። አባወራዎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከሥራው፣ ከግሮቭ ሲቲ መጋዘን በቀጥታ የመጣው ልጄም እነሱ ዘንድ ነው። ሚስቶቻቸው የወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ግማሽ ወደ ውስጥ፣ ግማሽ ወደ ውጭ ሆነው ቆመዋል። እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የእድሩ አባል እኔ ነኝ፤ ድምፅም እሰጣለሁ። የዚያን ቀን ሊወሰድብኝ የታሰበው ይኸው ድምፅ ነበር። ለውሳኔ የቀረበው አዲስ ደንብ፣ ባልቴት አዋቂ ወንድ ልጅ ካላት በእሱ ስም ትጠቃለል ይላል።

ሊቀመንበሩ ግሪክን ሳይጠቅስ ንግግር አይጀምርም። ዴሞክራሲ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል፤ ራሱ ይመልሳል። የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንት ግሪክ ሴቶች እንደምታጠና ሲሰማ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ታስተምረን ብሎ ጋበዛት። ምን ልትናገር እንደሆነ አልጠየቃትም።

«አቴንስ ውስጥ ሴቶች ቮት አያደርጉም ነበር» አለች። «ጉባኤም አይገቡም። የሚወክላቸው ወንድ ነው። መጀመሪያ አባት፣ ከዚያ ባል።»

«ባሏ ሲሞትስ?» አለች አንዷ ከወጥ ቤቱ በር።

«ትልቅ ልጅ ካላት፣ ልጇ።»

«ያጠባችው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ግን ደስ አለው። «አያችሁ፣ እኛ የፈጠርነው አይደለም። ሥልጡን ሕዝብ የሠራበት ነው።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ጥሩ ነው ማለቴ እኮ አይደለም። ሌላዋ የግሪክ ከተማ ስፓርታ ብንሄድ ሴቶች የራሳቸው መሬት ነበራቸው።»

«ስፓርታን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።»

ስፓርታ በዚህ ከታሪክ ወጣች።

«የአቴንስ ሴቶች ሥራቸው ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቤት መያዝ፣ ሽመና። ቤተ መቅደስ የሚያገለግሉም ነበሩ። ሰው ሲሞት ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማልቀስ የእነሱ ነበር።»

«እንግዲያው እድሩን የያዙት እነሱ ነበሩ» አልኩ።

«እትዬ፣ እርስዎን ለማክበር ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «በዚህ ዕድሜዎ ምን ያደክምዎታል?»

«ተቀምጦ እጅ ማንሳት አያደክምም።»

ሚስቱ ስትሞት አስከሬኗ ያረፈበት ፊውነራል ሆም ገብቼ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዕድሜዬ ትዝ አላለውም። ይህን ግን በሰው ፊት አላነሳሁበትም።

«እማዬ፣ ያው እኮ ነው» አለ ልጄ ወለሉን እያየ። «ስብሰባ ሲኖር ኮል አደርግልሻለሁ፤ ያልሽውን እናገራለሁ።»

ልጄ ለልደቴ እንኳ ኮል የሚያደርገው ልጁ ስታስታውሰው ነው።

የምትደግፉ ተባለ። አባወራዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሥልጡን ሕዝብ እንዲህ ይወስናል። ከዚያ እጆች ተነሡ። ሚስቶቹ አባል አይደሉምና ቆመው አዩ። እኔ የማየው የልጄን እጅ ነበር። መጀመሪያ የሚያክ ይመስል ጆሮው ድረስ ሄደ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ።

የምትቃወሙ ተባለ። እጄን አነሣሁ።

«አንድ» አለ ሊቀመንበሩ በማይኩ።

ካፖርቴን ደረብኩና በአባወራዎቹ መሃል አልፌ ወጣሁ።